የደብረ ሊባኖስ ጉብኝት
(አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግሥ በገለጻ ድርሰት ውስጥ)

ባለፈው ትምህርት ቅጽልና ተውሳከ ግሥ ለገለጻ ድርሰት የሚሰጡትን አገልግሎት ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ግሥ አድራጊ፣ ተደራጊ ወይም አስደራጊ በሚሆንበት ጊዜ በድርሰቱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እንመረምራለን። ለምሳሌ የቀረበው ምንባብ፣ ከራቤል ተነሥተው ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሄዱ ተማሪዎችን የሸኘ አንድ መምህር የጻፈው የጉብኝት ማስታወሻ ነው። በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡት፤ ወደ ሰዋስዉ ኋላ እንመለሳለን። ዘመኖቹ በሌላ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምንባብ

ራቤል የግሼ ደጋ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ዓይን የሚያርፈው በገብስ ማሳ፣ በበግ መንጋና በድንጋይ ካብ ላይ ነው። የአገር ዛፍ ጥላ የሚገኘው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ አብረውኝ የተጓዙት ተማሪዎች “ደን” የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ያውቁት ነበር እንጂ በደን ውስጥ የሄዱት ጥቂቶች ነበሩ።

ከራቤል በማለዳ ተነሥተን መሐል ሜዳን አልፈን ጓሳ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣሩን እየነጩ ይበሉ ነበር። ጓሳን ማስተዋወቅ ለመንዝና ለግሼ ልጅ አያስፈልግም፤ ሣሩ የሚከለከልበትንና የሚታጨድበትን ጊዜ አባቶቹ በራሳቸው ሥርዓት ወስነው ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቁት መሬት ነው። ከዚያ በጣርማ በር በኩል ወርደን ሲመሽ ደብረ ብርሃን ገባን። ብርዱ የታወቀ ነው። ተማሪዎቹ ግን አልበረዳቸውም፤ ራት ከበሉ በኋላ እየዘፈኑ አመሹ፣ ሁለቱ ልጃገረዶችም ለእናቶቻቸው የብርድ ልብስ ዋጋ ሲጠይቁ ቆዩ። ያቺን ሌሊት እዚህ ላይ የጠቀስኳት ያለ ምክንያት አይደለም።

ካርታ የሚመለከት ሰው፣ ከራቤል ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሄድ ለምን በአዲስ አበባ በኩል እንደ ዞርን ሊጠይቅ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በወፍ በረራ ቢለካ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ወንጪትና ጀማ፣ ገባሮቻቸውም ጭምር፣ ደጋውን ቆራርጠው እጅግ ጥልቅ ሸለቆዎች አበጅተውበታል። ከመንዝ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ወንጪትና በደብረ ሊባኖስ ሥር የሚፈሰው ዝጋ ወደም ሁለቱም ጀማን ይቀላቀላሉ፤ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ውኃው አቋርጦ የሚገናኘውን መኪና ዞሮ ይደርስበታል።

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪንና ደብረ ጽጌን አልፈን፣ ፍቼ ከመድረሳችን በፊት ከዋናው መንገድ ታጠፍን። ሥፍራው ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነበር። ከዚያ ሜዳው አለቀ። ቀስ በቀስ ያነሰ አይደለም፤ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ተቆርጦ ቀረ። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ቀላ ያለ ዐለት፣ ከዚያም ወዲያ ዓይን የማይጨርሰው ገደል ይታያል። ከጠርዙ አጠገብ በዝጋ ወደም ገባር ላይ የተሠራ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። ብዙ ሰው “የፖርቱጋሎች ድልድይ” ይለዋል። ያሠሩት ግን የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ሕዝቡ የሠሪውን ስም በሌላ ለውጦት ማየት ያስገርማል፤ ድልድዩ ከጸሐፊ ይልቅ ከወሬ ጋር ኖሯል።

ገዳሙ ያለው ከጠርዙ በታች፣ በገደሉና በሸለቆው መካከል በተዘረጋ ሰፊ እርከን ላይ ነው። ዙሪያውን ጥድና ወይራ ሸፍኖታል። ዛፎቹ ያረጁ ናቸው፤ ግንዳቸው ተጣሟል፣ ከቅርንጫፎቻቸውም ሽበት የመሰለ ሽበራ ይንጠለጠላል። ከተማሪዎቹ አንዱ ጥድን በቤት ወጋግራነት እንጂ በቁመናው አይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። በዚያ አካባቢ ያለው ሜዳ እንደ እኛው አገር ታርሶ ሲራቆት ይህ ደን የተረፈው ገዳም ስለሆነ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች በብዙ ሥፍራ የአገር በቀል ዛፍ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ መሆኑን የደን ተመራማሪዎች ይስማሙበታል።

ከደኑ ውስጥ ስንወጣ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጉልላቱን አንሥቶ ታየን። በድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ሕንፃ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ያሠሩት ስለሆነ ለዚህ ሥፍራ ገና ልጅ ነው። የመካከለኛው ዘመን ገዳም እናያለን ብለው የመጡት ተማሪዎች ፊታቸው ትንሽ ቅር ሲለው አየሁ። አሮጌው ግድግዳ የት ሄደ? ይህን ጥያቄ የመለሰልን የገዳሙን ታሪክ እንዲያስረዱን የተመደቡልን አረጋዊ መነኩሴ ነበሩ።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ገደል ሥር ባለው ዋሻ መኖር የጀመሩት በ1276 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ተምረዋል። ሥፍራው በመጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ብለው የሰየሙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ጳጳሳት ከግብፅ ይመጡ በነበረበት ረጅም ዘመን፣ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት መካከል ከፍተኛው ሥልጣን የደብረ ሊባኖሱ አለቃ የእጨጌው ነበር። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ባስልዮስም ከእጨጌነት የተነሡ ናቸው።

በ1523 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ገዳሙን አቃጠለ። ዐረብ ፈቂህ የተባለው የኢማሙ ዜና ጸሐፊ፣ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሲነድ ራሳቸውን ወደ እሳቱ እንደ ጣሉ ጽፏል። አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። በዚያው ዘመን የገዳሙ አለቃ የሆኑት እጨጌ ዕንባቆም ትውልዳቸው ከየመን ነው፤ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ ሊቅ ነበሩ። “አንቀጸ አሚን” የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1530ዎቹ ለኢማሙ ሲጽፉ ከራሱ ከቁርኣን እየጠቀሱ ተከራክረዋል። ጦር ባለበት ዘመን ክርክርን መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ከገዳሙ ታሪክ ይህን ገጽ እወደዋለሁ።

መነኩሴው ከዚህ በኋላ ዝም ብለው ጥቂት ቆዩ። ከተማሪዎቹ መካከል አንደኛው በጉልበቱ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ሲጽፍ ነበርና ወደ እርሱ ጠጋ አሉ።

“ምን ጻፍህ ልጄ? አንብብልኝ እስቲ።”

ልጁ አነበበ፤ “በ1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተገደሉ።”

“ማን ገደላቸው?”

“ጣሊያን ነው፣ አባታችን።”

“ጣሊያን አገር ነው። ሰው የለውም?”

ልጁ ጥቂት አሰበና “ግራዚያኒ” አለ።

“ግራዚያኒ አዲስ አበባ ነበር። እዚህ የመጣውስ ማን ነው?”

ማንም አልመለሰም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ስሙ ቶሎ አልመጣልኝም ነበር።

የነገሩን ይህን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። በተከታዮቹ ቀናት ፋሺስቶች በከተማዪቱ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጁ። ወራት ካለፉ በኋላም ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከቦምብ ወርዋሪዎቹ ጋር ተባብረዋል ብሎ፣ ሁሉም ያለ ልዩነት እንዲረሸኑ ጄኔራል ፒየትሮ ማሌቲን አዘዘ። ጊዜው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት የግንቦት 12 በዓል ነበርና ከየአውራጃው የመጣ ሕዝብ በገዳሙ ነበር። የማሌቲ ወታደሮች መነኮሳቱን፣ ካህናቱንና ምእመናኑን ያዟቸው። በማግሥቱ ግንቦት 13 ቀን በጭነት መኪና እያጋዙ፣ ከፍቼ ብዙ በማይርቀው ላጋ ወልዴ በተባለው ገደላማ ሥፍራ ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም የሟቾቹን ቁጥር 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች አድርጎ አስታወቀ።

ዲያቆናቱ ለጊዜው ተርፈው ነበር። ወታደሮቹ ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዷቸው። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ገና በትምህርት ላይ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ግንቦት 18 ቀን ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በእንገጫ በመትረየስ ገደሏቸው፤ ግራዚያኒ 129 ዲያቆናት ብሎ አስመዘገበ። እንግዲህ በእርሱ መዝገብ ድምሩ 449 ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ከተረፉ ሰዎችና ከአካባቢው ነዋሪዎች ምስክርነት እየሰበሰቡ ለዓመታት ተመራመሩ፤ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ የሟቾቹን ቁጥር ከ1800 እስከ 2200 ይገምተዋል።

ማሌቲ በ1933 ዓ.ም. በግብፅ በረሃ ኒቤዋ በተባለ ሥፍራ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ ሞተ። ግራዚያኒን ከጦርነቱ በኋላ አንድ የኢጣልያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ የፈረደበት ግን ከጀርመን ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ስለ ፈጸመው አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላም ለቀቁት።

ከዋሻው ጠበል ቀምሰን፣ መነኩሴውን ተሰናብተን ወደ መኪናችን ወጣን። ከገደሉ ጠርዝ መለስ ብለን ስናይ ደኑ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሸፍኖት ጉልላቱ ብቻ ይታይ ነበር።

በመልሱ ጉዞ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጨልሟል። የምናድረው በመጣንበት ሌሊት ባደርንበት ቤት ነበር። አልጋ ሲከፋፈል ከልጃገረዶቹ አንዷ፣ የብርድ ልብስ ዋጋ ትጠይቅ የነበረችው፣ ወደ እኔ መጥታ “ጋሼ፣ ዲያቆናቱን ያመጧቸው እዚህ ከተማ ነው አይደል?” አለችኝ። አዎን አልኳት። “እኛ ደግሞ ስንዘፍን አመሸን” አለችና ሄደች። ያን ማታ የዘፈነ አልነበረም።

ስለ ምንባቡ ሰዋስው

አሁን ወደ ልጁ ዓረፍተ ነገር እንመለስ። “መነኮሳት ተገደሉ” የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም። ባለቤት አለው፤ “መነኮሳት” ነው። ማሰሪያ አንቀጽ አለው፤ “ተገደሉ” ነው። ሆኖም የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የድርጊቱ ፈጻሚ አይደለም፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት ነው። “ተ” የተባለችው ፊደል በግሡ መነሻ ላይ ስትገባ ተሳቢ የነበረውን ባለቤት ታደርገዋለች፤ አድራጊውም ከዓረፍተ ነገሩ ሊወጣ ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩም ሳይጎድል ይቆማል። መነኩሴው የያዙት ይህንን ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ቋንቋ ነው። ከአንዱ “ገደለ” ከሚለው ግሥ ሦስት ቅርጾች ወስደን በምንባቡ ላይ እንፈትናቸው። ግራዚያኒ አስገደለ። የማሌቲ ወታደሮች ገደሉ። መነኮሳቱ ተገደሉ። የመጀመሪያው አስደራጊ፣ ሁለተኛው አድራጊ፣ ሦስተኛው ተደራጊ ግሥ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ያዘዘው፣ በሥፍራው የተኮሰውና በጥይት የወደቀው እያንዳንዱ የራሱን የግሥ ቅርጽ አገኘ። “ግራዚያኒ ገደለ” ብትሉ ውሸት አይሆንም፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ሰው ትደብቃላችሁ። “ወታደሮች ገደሉ” ብቻ ብትሉም መጀመሪያውን ትደብቃላችሁ። ማሌቲ የትኛውን ግሥ ይወስዳል? ትእዛዝ ተቀባይም ትእዛዝ ሰጪም ነበርና በሁለቱ መካከል ይቆማል። ይህን በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት፤ እኛ መልሱን አንሰጥም።

ለተደራጊ ግሥ አድራጊውን መመለስ ሲያስፈልግ “በ” የሚለው መስተዋድድ ይገባል፤ “ገዳሙ በኢማሙ ሠራዊት ተቃጠለ”። ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። “ገዳሙ በእሳት ተቃጠለ” ስንልም ያው “በ” ገብቷል፤ እሳቱ ግን መሣሪያ እንጂ አድራጊ አይደለም። “ዲያቆናቱ በመትረየስ ተገደሉ” ብሎ የጻፈ ተማሪም አድራጊውን የጠቀሰ መስሎት መሣሪያውን ብቻ ጠቅሷል። ከዚህም ሌላ “ተቃጠለ” የሚለው ብቻውን ሲቆም ሰው አቃጠለው ወይስ ጧፍ ወድቆ ነደደ የሚለውን አይለይም።

እንዲህ ስንል ተደራጊ ግሥ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። አድራጊው በማይታወቅበት፣ ወይም የጸሐፊው ሐሳብ በተደራጊው ላይ ባረፈበት ጊዜ ተገቢው እርሱ ነው። በምንባቡ ውስጥ “በድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ሕንፃ” ሲባል ግንበኞቹን ማንም አይጠይቅም። ደግሞም ሟቾቹን ለማሰብ በሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገዳዩን ስም ማስቀደም የማይስማማበት ጊዜ አለ። መምህሩ “ዲያቆናቱ ለጊዜው ተርፈው ነበር” ብሎ ሲጀምር ባለቤቶቹን ዲያቆናቱን ያደረገው አስቦበት ይመስላል፤ ቀጥሎ ባሉት ዓረፍተ ነገሮች ግን ወደ አድራጊው ተመልሷል። የድልድዩንም ነገር ልብ በሉ። “ድልድዩ ተሠራ” የሚለው ዓረፍተ ነገር ለብዙ ጊዜ ሲደጋገም ፖርቱጋሎች ራስ ዳርጌን ተኩ።

የአንዳንድ ቃላት ማብራሪያ

እጨጌ፦ ቀድሞ የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለቃ ይጠራበት የነበረ የማዕረግ ስም። ፍልሰተ ዐፅም፦ የአንድ ቅዱስ ዐፅም ከተቀበረበት ወጥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ የተዛወረበት መታሰቢያ። ሽበራ፦ በዚህ ምንባብ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ግራጫ በቀል። ወጋግራ፦ ለቤት ግድግዳ ወይም ጣሪያ የሚቆም እንጨት። አረጋዊ፦ ሽማግሌ፣ በዕድሜ የገፋ።

መልመጃ

ሀ. ቀጥሎ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች፣ ከምንባቡ ባገኛችሁት እውነት ላይ ተመሥርታችሁ፣ አድራጊው በባለቤትነት እንዲገለጥ አድርጋችሁ ጻፉ። 1. ደብረ አስቦ ደብረ ሊባኖስ ተብሎ ተሰየመ። 2. ዲያቆናቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ። 3. “አንቀጸ አሚን” ተጻፈ። 4. ግራዚያኒ ከጥቂት ወራት በኋላ ተለቀቀ። በአራተኛው ላይ አድራጊውን ለማግኘት ምንባቡ በቂ ነውን? ካልሆነ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

ለ. “ከደኑ ውስጥ ስንወጣ” ከሚለው አንቀጽ እስከ “አቃጠለ” ድረስ ያሉትን አስደራጊ ግሦች አውጥታችሁ ለእያንዳንዱ አድራጊና ተደራጊ ቅርጹን አጠገቡ ጻፉ። ሦስቱም ቅርጽ የማይገኝለት ግሥ ቢያጋጥማችሁ እርሱንም ለብቻው መዝግቡ።

ሐ. በምትኖሩበት ቀበሌ ወይም በአቅራቢያው አንድ አሮጌ ነገር ምረጡ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ድልድይ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የድንጋይ ካብ ወይም ያረጀ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንዳፈረሰው፣ ማን እንደ ጠበቀው ከሁለት አዛውንቶች ጠይቁ። ሁለቱ የሚነግሯችሁ ስም ቢለያይ ሁለቱንም ጻፉ። ድርሰቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ በ“ተ” የሚጀምሩትን ማሰሪያ አንቀጾች ሁሉ አስምሩባቸውና ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ለጎረቤታችሁ ተማሪ አንብቡለት። እርሱም በእያንዳንዱ መስመር ላይ “ማን?” ብሎ ይጠይቃችሁ።